የእትዬ ዘሃራ ማሽላና የአረማሞው ከረጢት

ሸዋ ሮቢት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ያስረከቡኝ የሥራ መሣሪያ ክዳን ያለው የመስታወት ሳህንና አንድ ቁራጭ ዳቦ ነበር።

ዲፕሎማዬን ይዤ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ነው። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ደብረ ሲናን ስናልፍ ነጠላዬንም አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ የማወልቀው ነገር አልቆብኝ ነበር። የሰብል ጥበቃ ክፍሉ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ ያለች ቆርቆሮ የለበሰች ቤት ናት። በሯ ላይ ኮት የለበሱ ቀጭን ሰው ቆመዋል። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው ሳይ የታመሙ መስለውኝ ነበር።

አልታመሙም። ጋሼ መኮንን ይባላሉ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ቆላ ብዙ ዓመት ሠርተው ከኮታቸው ያልተለያዩ የክፍሉ ኃላፊ።

«ማይክሮስኮፕ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ኮሌጅ ተምረናል።»

«ተሰልፋችሁ አንድ አንድ ጊዜ አጮልቃችሁ ይሆናል።»

እውነታቸውን ነበር። ዳቦውን ውሃ ነክረው ሳህኑ ውስጥ አስቀመጡትና ከደኑት። «ይሄ ያንቺ ነው። በየቀኑ እዪውና ትነግሪኛለሽ። የገመትሽውን ተይው፤ ያየሽውን ብቻ።»

መጀመሪያ የጥጥ የመሰለ ነጭ ክር ዳቦውን አለበሰው። ሁላችንም ቤታችን የምናውቀው ሻጋታ ነው። ቀጥሎ ከክሮቹ መሐል ቀጥ ያሉ ዘንጎች ተነሡ። በየዘንጉ ጫፍ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጭ እንክብል ነበረች። እያደረ እንክብሏ ግራጫ ሆነች፤ ከዚያ ጠቆረች።

ጋሼ መኮንን ማይክሮስኮፑን ወደ እኔ ያስጠጉት ያን ጊዜ ነው። እንክብሏ ለካ ከረጢት ናት። ግድግዳዋ ስስ ነው። ከታች የዘንጉ ጫፍ እንደ ጉልላት ተነፍቶ ይገባባታል። በጉልላቱና በግድግዳው መካከል ያለው ቦታ ሁሉ በስፖር ተጠቅጥቋል። ስፖር የፈንገሱ ዘር ማለት ነው፤ አንዱን ለብቻው ዓይን አያየውም። ስላይዱ ላይ ጠብታ ውሃ ሳደርግበት ግድግዳዋ ሟሟ፤ ስፖሩም እንደ ፈሰሰ ጤፍ ተበተነ።

«ምን አየሽ?»

«ከረጢቷ ፈረሰች ጋሼ። ዘሩ ብቻ ቀረ።»

«ስትበስል እንድትፈርስ ነው የተሠራችው» አሉ። «ቅርጿን መጽሐፍ ላይ ታገኚዋለሽ። አንቺ አከፋፈቷን አጥኚ። ከረጢቷ እንዴት እንደምትከፈት ካወቅሽ በሽታው በምን እንደሚጓዝ ታውቂያለሽ። በምን እንደሚጓዝ ካወቅሽ የት ቆመሽ እንደምትጠብቂው አይጠፋሽም።»

ከዳቦው ቀጥሎ የግመል በጠጥ መጣ። ከአፋር በኩል ለገበያ ከሚመጡት ግመሎች ጋሼ መኮንን ራሳቸው ለቅመው ያመጡታል። እርጥብ ወረቀት ላይ አድርገው ብልቃጥ ይደፉበታል። ከጥቂት ቀን በኋላ በጠጡ ላይ ጽዋ የመሰሉ ጥቃቅን ቢጫ ፈንገሶች ይበቅላሉ። አንዷን በመርፌ አንስቶ፣ በሁለት መስታወት መካከል ጫን አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ጣት የመሰሉ ረጃጅም ከረጢቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ስምንት ስፖር አለ። ስምንት፣ ሁልጊዜ ስምንት።

«ለምን ስምንት ሆነ ጋሼ?»

ይህን ሲጠየቁ ደስ ይላቸው ነበር። ከረጢቷ ገና ለጋ ሳለች ሁለት አስኳሎች ትይዛለች። ሁለቱ ተዋህደው አንድ ይሆናሉ። አንዱ ይከፈልና ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት ይሆናል። እያንዳንዱም የራሱን ግድግዳ ለብሶ ስፖር ይሆናል። ጋሼ መኮንን ግን እንዲህ አያስረዱም። «ሁለቱ ተጋቡ» ይላሉ፣ ሰርግ ቤት እንዳለ ሽማግሌ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ልጅ ወለዱ፣ የልጅ ልጅ አዩ፣ ሁሉም በአንድ ቤት ተሰለፉ።»

ይህች ከረጢት እንደ ዳቦዋ ከረጢት አትሟሟም። ውሃ ስባ ትወጠርና ጫፏ ላይ ያለው ክዳን ሲከፈት ልጆቿን ወደ ብርሃን ትተኩሳቸዋለች። ጋሼ መኮንን ብልቃጡን በጥቁር ወረቀት ጠቅልለው በአንድ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለታል። በማግስቱ ወረቀቱን ሲገልጡት ስፖሮቹ ቀዳዳው ባለበት በኩል መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ።

ክፍሉን የሚያጸዱት እትዬ በላይነሽ ይህን ነገር አይወዱትም ነበር። «መንግሥት ደሞዝ የሚከፍለኝ በጠጥ ከቤት እንዳወጣ ነው እንጂ እንዳሳድር አይደለም» ይላሉ። አንድ ቀን ብልቃጡን አጥበው፣ አድርቀው፣ መደርደሪያ ላይ ደፍተው አገኘነው። ጋሼ መኮንን ተነሥተው ወደ ከብት ገበያው ሄዱና ሌላ ለቅመው መጡ። ሲመለሱ እትዬ በላይነሽን ጠርተው ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጧቸው። እትዬ ብዙ ቆይተው ቀና አሉና «ይሄ ሁሉ ቤተሰብ ነው እኔ የጣልኩት?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ተኩሰው እንደሆነ ነበር።

ሥራችን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ገበሬው የታመመ ተክል ያመጣል፣ እኛ በሽታውን እንለያለን፣ ምክር እንጽፋለን። ሽንኩርት ይመጣል፣ ቲማቲም ይመጣል፣ ማሾ ይመጣል። ከሁሉ የሚበዛው ግን ማሽላ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለችበት የቀወት ቆላ ሰው በማሽላ ነው የሚኖረው። ፍሬውን ይበላል፣ አገዳውን ለከብት ይሰጣል፣ የቀረውን ያጥርበታል፣ ያነድበታል።

አረማሞ ፍሬን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጥ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ማሽላን የሚያጠቁት ዓይነቶች ብዙ ቢሆኑም ለዚህ ታሪክ ሁለቱ ይበቁናል። አንደኛው ሽፍን አረማሞ ነው። የማሽላው ራስ ቅርጹ አይለወጥም። ግን አንዳንዱ ፍሬ፣ አንዳንዴም ሁሉም፣ በግራጫ ከረጢት ይተካል። ከረጢቷ ከፍሬው ረዘም ትላለች፤ ስትጨመቅ ጥቁር ዱቄት ትተፋለች። ዱቄቱ ስፖር ነው። እስኪወቃ ድረስ ከረጢቷ አብዛኛውን ጊዜ አትፈነዳም። ሁለተኛው የራስ አረማሞ ነው። እዚህ ፍሬ የሚባል ነገር አይገኝም። ራሱ በሙሉ አንድ ትልቅ ነጭ ከረጢት ይሆናል፤ ሲቀደድ ውስጡ ጥላሸት ነው። ይሄኛው ማሳው ላይ ይፈነዳና አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ከዘር ጋር ይጓዛል፤ ሁለተኛው አፈር ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

ባጃጅ ለከተማው ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ጥቅምት ላይ፣ የአንድ ቀበሌ ሊቀ መንበር ወደ ክፍላችን መጡ። አቶ ሙሄ ይባላሉ። ቀበሌያቸው ከሮቢ ወንዝ ማዶ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ያመጡትን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። አንድ የማሽላ ራስ ነው። እንደ ሕፃን ክንድ ወፍሯል፤ በነጭ ስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ጎኑ ተቀዷል፤ ጥቁሩ ይፈሳል።

«አገሩ እንዲህ ሆኗል» አሉ አቶ ሙሄ።

ጋሼ መኮንን ዓይተው ጊዜ አላጠፉም። የራስ አረማሞ እንደሆነ ማንም ባለሙያ ያውቀዋል። ማሳው ሌላ ሰብል እንዲዘራበት፣ የአካባቢው የማሽላ ዘርም ተሰብስቦ በሽታውን በሚቋቋም የተሻሻለ ዘር እንዲተካ ምክር ጻፉ። በዚያው ሰሞን የተሻሻለ ዘር መጋዘን ገብቶ ነበርና የቡድን መሪያችን ምክሩን በደስታ ተቀብሎ አጸደቀው።

አቶ ሙሄ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። «ሰዉ ግን በሽታው የመጣው ከሴትዮዋ ነው ይላል» አሉ።

«ከየትኛዋ ሴትዮ?» አልኳቸው።

«ከዘሃራ። አምና ድርቁ ዘራችንን ሲያስበላን ለሁላችን ዘር የሰጠችን እሷ ናት። አሁን የሁሉ ሰው ማሳ ጠቁሯል፣ የሷ ማሳ ግን ደህና ነው። ለራሷ ደጉን አስቀርታ ክፉውን ሰጠችን እያሉ ነው። ከብቶቿ ከሰው ከብት ጋር እንዳይውሉ ተደርጓል። ልጇንም ለማጨት የመጡት ሰዎች ቀርተዋል።»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የራስ አረማሞ አፈር ውስጥ የሚጠብቅ ከሆነ የአንዲት ሴት ዘር በወሰደው ሰው ማሳ ሁሉ እንዴት ይገኛል? ጋሼ መኮንንን ይህንኑ ጠየቅኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሄደን እንየው ነው የምትዪኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«መኪናው የለም።»

«በእግር ይደረሳል።»

በማግስቱ ማለዳ ቤቴ በር ላይ አገኘኋቸው። ማይክሮስኮፑን በጋቢ ጠቅልለው ከአህያ ላይ አስጭነውታል። ያ ማይክሮስኮፕ መብራት የማይፈልግ፣ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን የሚቀበል ዓይነት ነው። መንገዱን በሙሉ እጃቸውን ከጋቢው ላይ አላነሡም። አህያዋ በተደናቀፈች ቁጥር እሳቸውም አብረው ይደናቀፉ ነበር።

አቶ ሙሄ ተቀብለው መጀመሪያ የወሰዱን ወደ ጋሼ ሰይድ ማሳ ነበር። ጋሼ ሰይድ የእትዬ ዘሃራ ጎረቤት፣ በሟች ባላቸው በኩል ዘመድም ናቸው። ማሽላው ቁመቱ ከሰው በላይ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነው። ገብተን አንዱን ራስ ጎንበስ አድርጌ አየሁት። ቅርጹ እንዳለ ነው። ፍሬዎቹ ግን ከግማሽ በላይ ግራጫ ከረጢት ሆነዋል። አንዷን በጥፍሬ ጨመቅኳት፤ ጥቁሩ ወጣ። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም።

ጋሼ መኮንን ከኋላዬ ቆመው ነበር። ነጭ ትልቅ ከረጢት ፍለጋ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ሄድንበት። ከዳር አንድ አገኘን፤ ሌላ የለም።

«አቶ ሙሄ» አሉ ጋሼ መኮንን፣ «ያን ራስ ከየት አመጡት?»

«ከዚሁ አካባቢ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራውን መርጬ ነው ያመጣሁት፤ ያለዚያ አትመጡልንም ብዬ።»

ጋሼ መኮንን አልተቆጡም። «እኔም ሳላይ ነው የጻፍኩት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ሽፍን አረማሞ ነው። ዘሩ ላይ የሚቀመጥ፣ ሊታከም የሚችል። እኔ ግን ዘሩን እንዲጥሉ ፈርጄባቸዋለሁ» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ሐዘን ከዚያ በፊት አይቼባቸው አላውቅም።

እትዬ ዘሃራን ያገኘናቸው ማሳቸው ዳር ነው። ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሴት ናቸው። ማሽላቸው ወተት በጉንጬ የሚባለው ነው፤ እሸቱ ሲጠበስ ስሙን ይመስላል። በእውነትም ማሳቸው ንጹሕ ነበር፤ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት የታመመ ራስ ብቻ አየን።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ» አሉ ጋሼ መኮንን።

«ወአለይኩም ሰላም። ልትወስዱት ነው የመጣችሁት?»

«ምኑን?»

«ዘሩን። ሙሄ ነግሮኛል። ይህን ዘር የባሌ እናት በክፉው ዘመን ርቧት ሳትበላው ያቆየችው ነው። እኔ ለጎረቤት ሰጠሁት። ለእናንተ ግን አልሰጥም። ከወሰዳችሁም እኔ በሌለሁበት ውሰዱት።»

ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ዘሩን ልንወስድ አልመጣንም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለራስዎ የዘሩትና ለሰው የሰጡት ከአንድ ቦታ ነው?»

«ያው ከዚሁ ማሳ ነው።»

«የተወቃውስ?»

«የራሴን እንደ ሁልጊዜው ራሱን ከነአገዳው መርጬ ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት። በእጄ ነው የማሸው። እሱ ለኔ ማሳ እንጂ ለሌላ አይተርፍም። ሰው ሁሉ ዘር ሲለምነኝ አውድማ ከተወቃው አካፈልኩ።»

«አውድማው የማን ነው?»

«የሁላችን። አምና ጉልበት ስላነሰ በደቦ ነው የወቃነው። የኔ መጨረሻ ላይ ነበር።»

ጋሼ መኮንንና እኔ ተያየን። የሽፍን አረማሞ ከረጢት የምትከፈተው አውድማ ላይ ነው። ዱላው ሲያርፍባት ትሰበርና ዱቄቷ ደህናውን ፍሬ ሁሉ ያለብሰዋል። አንድ ሰው የታመመ ማሽላ አስቀድሞ ወቅቶ ከነበረ፣ በዚያው አውድማ ላይ ከሱ በኋላ የተወቃው ሁሉ ስፖሩን ተሸክሞ ይሄዳል። እትዬ ዘሃራ የሰጡት ደግ ዘር ነው። አውድማው ነው ያቆሸሸው።

ይህን ለእሳቸው ብቻ መንገር አይበቃም ነበር። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አቶ ሙሄ ሰዉን ከግራሩ ጥላ ሰበሰቡ። እትዬ ዘሃራ ከሴቶቹ ተለይተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጋሼ ሰይድ ፊት ለፊት ናቸው።

ጋሼ መኮንን ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። ከእትዬ ዘሃራ ማሳ የመጣውን ንጹሕ ራስ በእጃቸው አሽተው ፍሬውን አሳዩ፤ እንደ ወተት ነጭ ነው። ከዚያ ከጋሼ ሰይድ ማሳ የመጣውን የታመመ ራስ በላዩ አድርገው በዱላ መቱት። ጨርቁን ነቅነቅ አደረጉና ፍሬውን በእፍኛቸው አነሡት። ነጩ ፍሬ ግራጫ ሆኗል። እፍኙን ለጋሼ ሰይድ ሰጧቸው።

«ይህን ብዘራው?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«ይበቅላል» አልኳቸው። «ፍሬው ደህና ነው፤ በሽታው ላዩ ላይ ነው ያለው። ቡቃያው ከአፈር ሳይወጣ ይገባበታል። ከዚያ ከአገዳው ጋር አብሮ ሽቅብ ያድጋል፤ ማንም አያየውም። ማሽላው ሲያሸት የፍሬውን ቦታ ይወርስና ከረጢቱን ይሠራል።»

ማየት የፈለገ በማይክሮስኮፑ እንዲያይ አደረግን። ሴቶቹ ቀደሙ። እትዬ ዘሃራም አዩ። «ሱብሃነላህ» አሉ፣ «ይሄ ሁሉ ከአንዲት ፍሬ ውስጥ?»

ጋሼ ሰይድ አላዩም። እፍኛቸው ውስጥ ያለውን ግራጫ ፍሬ ይዘው ቆመው ነበር። ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አምና መጀመሪያ የተወቃው የኔ ነው። ጥቁር ነበረበት። ትንሽ ነው ብዬ አላወጣሁትም።»

አንድም ሰው ያን ቃል እንዲናገሩ አልጠየቃቸውም ነበር። እትዬ ዘሃራ ከተቀመጡበት ሆነው «አውድማው የሁላችን ነው ሰይድ» አሉ።

ጋሼ መኮንን መሥሪያ ቤት እንደተመለስን በቀጥታ የሄዱት ወደ ቡድን መሪው ነው። እኔም አብሬ ገባሁ።

«የጻፍኩትን ምክር ልስብ ነው» አሉ።

ቡድን መሪው ወጣት፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነበር። «ጋሼ መኮንን፣ ማኅተም አርፎበታል እኮ» አላቸው።

«ማኅተሙ ትክክል ነው። የተሳሳተው ጽሑፉ ነው።»

«የተሻሻለው ዘርስ? እሱም ጥሩ ዘር ነው።»

«ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል። ለሚፈልግ ይሰጥ። አገዳው አጭር ስለሆነ ከብት ያለው ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል። የነሱን ግን አናስጥላቸው።»

ቡድን መሪው «በሚመጣው ዓመት ማሳው ከጠቆረ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት» አላቸው። እሳቸውም «አዎ» አሉ። ጡረታቸው ቀርቦ ነበር።

በዚያው ወር ማሽላው ከመወቃቱ በፊት የታመመውን ራስ እየቆረጥን አወጣን። ከረጢቷ እንዳትፈነዳ ቀስ ብሎ መቁረጥ፣ ጆንያ ውስጥ መክተት፣ ከማሳው ርቆ ማቃጠል ነው። ለዘር የሚሆነው ከጤነኛው ራስ ተመርጦ፣ ለብቻው፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ታሸ። አውድማው ተጠርጎ በአዲስ እበት ተለቀለቀ።

የዘር መድኃኒቱ ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም። እትዬ ዘሃራ አማታቸው ዘሩን የላም ሽንት ውስጥ ይዘፈዝፉት እንደነበር አነሡ። ጋሼ መኮንን ከሌላ አካባቢ ይህን ሰምተው ነበር፤ በዓይናቸው ግን አላዩትም። «እንሞክረው» አሉ። ሽንቱ ተጠራቅሞ ከርሞ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ዘሩ ተዘፍዝፎበት ደረቀ። በእትዬ ዘሃራ ማሳ ዳር ሦስት ቁራጭ መሬት ለየን። ያን ጊዜ በደቦ ከተወቃው የተረፈ፣ ስፖር ያለበት ዘር ነበራቸውና ሦስቱም በዚያው ተዘሩ። አንዱ በመድኃኒት፣ አንዱ በሽንት፣ አንዱ እንዲሁ።

ዝናቡ መጥቶ ከተዘራ በኋላ ያለው ጊዜ በሥራ ዘመኔ የከበደኝ ክረምት ነው። ማሽላው ወጣ፣ ለመለመ፣ ቁመቱ ከወገብ አለፈ። ሦስቱም ቁራጭ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። በሽታው ውስጡ ይኑር አይኑር የሚያሳይ ምልክት የለም። በሄድኩ ቁጥር ሰዉ «እንዴት ነው? ገብቶበታል?» ይለኛል። አላውቅም እላለሁ። ባለሙያ ነኝ ብሎ በየሳምንቱ አላውቅም ማለት ያማል።

እትዬ ዘሃራ ናቸው ያጽናኑኝ። «ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ያረገዘችን ሴት ሆዷን እያዩ ወንድ ነው ሴት ነው ቢሏት ምን ትመልሳለች? ጊዜው ሲደርስ ይታያል።»

በዚያ ክረምት ከብቶቻቸው ከሰው ከብት ጋር መዋል ጀምረው ነበር። ያም ሆኖ ሐሜቱ ጨርሶ አልጠፋም። ማሽላው እስኪያሸት ልቡን ያልሰጠ ሰው ብዙ ነው።

ጥቅምት ላይ ጋሼ መኮንንና እኔ ወረድን። እትዬ ዘሃራ፣ አቶ ሙሄና ጋሼ ሰይድ ማሳው ዳር ይጠብቁናል። እንዲሁ የተዘራው ቁራጭ ገና ስንጠጋ ያስታውቃል፤ ግራጫው ከረጢት በየራሱ ላይ ተደርድሯል። በመድኃኒት የተዘራው ውስጥ ከረጢት ፈልገን አጣን ማለት እችላለሁ። በሽንት የተዘራው ውስጥ አልፎ አልፎ አገኘን፤ ጥቂት ነው። ከዚያ ወደ ዋናው ማሳ ገባን። ነጭ ነበር። የጋሼ ሰይድም ነጭ ነበር።

ጋሼ መኮንን ከማሳው መሐል ቆመው አንድ ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት። ላብ ነው አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ጋሼ ሰይድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ ባለቤታቸው አብረዋቸው ነበሩ፤ ባዶ ቁና ይዘዋል። እትዬ ዘሃራ ፊት ቁናውን አኖሩት።

«ለከርሞ ዘር እንድትሰጪን ነው የመጣነው» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«የራስህ ማሳ ደህና አይደለም እንዴ?» አሉ እትዬ።

«ደህና ነው። ቢሆንም ካንቺ እጅ ነው የምፈልገው።»

እትዬ ዘሃራ ቁናውን አንሥተው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ቁናው ሞልቶ ነበር፤ ከምድጃው በላይ ከሰቀሉት ነው የሰጧቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ቀበሌ ስለ ዘሩ ክፉ ሲወራ አልሰማሁም። ልጃቸው በጥር ተዳረች። እኛም ተጠርተን ሄድን፤ ጋሼ መኮንን ከሽማግሎቹ መሐል ተቀመጡ።

የተሻሻለውን ዘር የወሰዱም ነበሩ። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ጠቅሟቸዋል። ብዙዎቹ አሁን ሁለቱንም ይዘራሉ።

ጋሼ መኮንን በተከታዩ ዓመት ጡረታ ወጡ፤ ክፍሉ ለእኔ ተላለፈ። ብዙ ቴክኒሽያኖች በእጄ አልፈዋል። ከረጢቶቹን በየዓይነታቸው አሳይቻቸዋለሁ። የሚሟሟውን፣ የሚተኩሰውን፣ ዱላ የሚጠብቀውን። ዛሬም አንዲት የበሰለች ከረጢት በማይክሮስኮፕ ስር ስትከፈት ማየት ደስ ይለኛል፤ ያን ደስታ ደብቄ አላውቅም።

ለእነሱም የምላቸው ይህን ነው፦ ናሙና የሚያሳየው ያመጣው ሰው የመረጠውን ነው። ምክር ከመጻፋችሁ በፊት ማሳው ድረስ ሂዱ፤ ዘሩ የት እንደተወቃም ጠይቁ።